ታፔላው፣ ባነሩና ፊደላችን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጥምቀት ባነሮች ጽፌ ነበር። እዚሁ ጎንደር ከፒያሳ ተነስቼ እስከ ፋሲል መዋኛ በእግሬ እየወረድኩ ያየኋቸውን ነው የጻፍኩት። አንዱ ላይ ፊደሉ ተለጥጧል፣ ሌላው ላይ ተጨናንቋል፣ አንድ ቦታ ደግሞ ጭራሽ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታትሟል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ጎረፈ። ኮፒ ቤት የሚሠሩ ልጆች፣ አስተማሪ፣ ሙሽራ፣ አንድ የድሮ ታፔላ ጸሐፊ ሳይቀሩ ጻፉልኝ። በጣም ደስ ብሎኛል። ስለ ፊደል ቅርጽ የሚቆረቆር ሰው በከተማችን ይህን ያህል አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ የውጭ ታሪክ ስለሚበዛበት እንዳይደባለቅ ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላይ ካፌ ልከፍት ነው። አርማውን የሠራልኝ ልጅ የካፌውን ስም በእንግሊዝኛ ቀጥ ባለ፣ ምንም ጌጥ በሌለው ፊደል ጻፈው። የአማርኛው ስም ከሥር በትንሹ ገብቷል። “አሁን ዘመናዊ የሚባለው ይህ ነው” አለኝ። እውነቱን ነው? እኔ አልወደድኩትም፣ ግን ኋላ ቀር እንዳልባል ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ አልዋሸሽም፤ ግን የያዘው ወሬ ትንሽ ቆይቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ የሁሉ ነገር መግቢያ በር ሲሆን ትልልቆቹ ኩባንያዎች አርማቸው ጥፍር በምታህል ቦታ ላይም እንዲነበብ ፈለጉ። ጉግል በ2015 ከፊደሎቹ ጫፍ ላይ የነበሩትን ትንንሽ ጭረቶች አነሳና ስሙን ክብ ክብ ባለ፣ ውፍረቱ ወጥ በሆነ ፊደል ጻፈው። የእንግሊዙ የልብስ ቤት በርበሪም በ2018 ፒተር ሳቪል በሚባል ታዋቂ ዲዛይነር አርማውን አስቀይሮ ወፍራምና ቀጥ ያለ አደረገው። በዚያው ሰሞን ሌሎች የፋሽን ቤቶችም ወደዚያው ሄዱ። ከዚያማ ሁሉም አንድ መሰሉ። ስሙን በእጅሽ ብትሸፍኚው ማን ማን እንደሆነ አታውቂም። በርበሪ ራሱ በ2023 ሐሳቡን ለወጠ፤ ቀጠን ያለና ባሕርይ ያለው ፊደል መረጠ፣ ትቶት የነበረውን የፈረሰኛ ሥዕልም መለሰው። ስለዚህ ኋላ ቀር እባላለሁ ብለሽ አትስጊ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የአማርኛው ስም ለምን ከሥር ሆነ? ለምንስ በትንሹ? ካፌሽ ጎንደር ነው። በበርሽ የሚያልፈው ሰው መጀመሪያ የሚያነበው አማርኛውን ነው። እኔ ብሆን ልጁን መልሼ አስቀምጠውና “ከአማርኛው ጀምር” እለዋለሁ። መጀመሪያ የካፌሽን ስም በፊደል ይሣል፣ ቆንጆ እስኪሆን ድረስ ይሥራው፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን ከእሱ ጋር የሚሄድ ያድርገው። አሁን የሚደረገው በተቃራኒው ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል ይመረጥና አማርኛው የእሱን ልብስ እንዲለብስ ይገደዳል። የኛ ፊደል ደግሞ ያ ልብስ አይሆነውም። ውፍረቱና ቅጥነቱ ከብርዕ የመጣ ነው። ቋሚው ይወፍራል፣ አግዳሚው ይቀጥናል። ያንን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ስታጠፊው ጨ እና ጬ ውስጣቸው ይደፈንና ከሩቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ።

አንድ የሚታይ ምሳሌ ልስጥሽ። ማርክ ጃምራና ኒል ፓቴል የሚባሉ ሁለት ዲዛይነሮች ኪጌሊያ የሚባል የፊደል ቤተሰብ ሠርተዋል። የኛን ፊደል፣ የምዕራብ አፍሪካዎቹን ንኮ፣ ቫይና አድላም፣ እንግሊዝኛ የሚጻፍበትን ላቲኑንም ጨምሮ በአንድ ላይ የያዘ ነው። እኔ የምወድለት አንዱ የሌላውን ቅርጽ እንዲቀዳ አለመገደዱን ነው። ሁሉም በራሱ አጻጻፍ ቆሞ፣ በክብደትና በመጠን ግን ይግባባል። ለልጁ ይህን አሳዪው። መጠኑን ሲያስተካክልም ጠቃሚ ነገር አለ። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፣ የኛ የለውም። ስለዚህ የኛን ከትልቁ ትንሽ ዝቅ፣ ከትንሹ ከፍ አድርጎ ቢያስቀምጠው ዓይን እኩል ያየዋል። በቁጥር ሳይሆን በዓይኑ ያስተካክለው።

ጥያቄ፦ አዘዞ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው የአማርኛ ጽሑፍ በኔ ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ትርምስ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ሳጥን ብቻ። ደንበኛው እኔ ያበላሸሁት ይመስለዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ሁለቱ ችግሮች ግን የተለያዩ ናቸው፣ ለይተህ እወቃቸው።

ትርምሱ የሚመጣው ከድሮ ሶፍትዌር ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በወጡበት ዘመን ኮምፒውተሩ ለኛ ፊደል መቀመጫ አልነበረውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን በእንግሊዝኛው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈው የእንግሊዝኛው ኮድ ነው፣ ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል፣ ከሥር ያለው ይታያል። በዚያ ጊዜ ትልቅ ብልሃት ነበር። መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጋዜጣው ሁሉ በእሱ ሠርቷል፣ ባለውለታችን ነው። በ1999 ግን ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የሚባል ሥርዓት በሦስተኛው እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሀ በዓለም ላይ ባለ ማንኛውም ኮምፒውተር አንድ ቁጥር አለው፣ U+1200 ተብሎ የሚጻፍ፤ ከእሱ ሁሉም በተራ ይቀጥላል። ስለዚህ የድሮውን ፋይል በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ለውጥና አስቀምጠው። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ አንብበህ አርመው። ስም ላይ በተለይ ተጠንቀቅ፣ ሰው ስሙ ሲበላሽበት አይወድም።

ሳጥኑ ሌላ ነው። ሳጥን ማለት ቁጥሩ አለ፣ ቅርጹን የሚያሳይ ፎንት ግን የለም ማለት ነው። ፈረንጆቹ ቅርጹን አይተው ቶፉ ይሉታል፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ባለ አራት ማዕዘን ምግብ ስለሚመስል። ጉግል በ2016 አሟልቶ የለቀቀው ኖቶ የሚባል የፊደል ስብስብ ስሙ የመጣው ከዚህ ነው፣ “ቶፉ ይቅር” እንደማለት። ከ100 በላይ የጽሕፈት ሥርዓቶችንና ከ800 በላይ ቋንቋዎችን ይሸፍናል፣ የኛም በሁለት ዓይነት አለበት። በነፃ ነው፣ ለንግድም ብትጠቀምበት ማንም አይከስህም። አውርደህ ጫነው፣ ሳጥኑ ይጠፋል።

እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ። ለዘመዴ ምርቃት ባነር ሠርቼ ፋይሉን ወደ አንድ ማተሚያ ላክሁ። ጠዋት ልወስድ ስሄድ በሁለት ሜትር ባነር ላይ የልጁ ፎቶ ፈገግ ብሏል፣ ስሙ ያለበት ቦታ ስድስት ሳጥን ተደርድሯል። ምርቃቱ በዚያው ቀን ነበር። እናቱ ዝም ብላ አየችውና ፊቷን አዞረች። እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሑፉን ወደ ከርቭ ሳልቀይር ምንም ፋይል ከእጄ አይወጣም። ኮሬል ድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ኮንቨርት ቱ ከርቭ የምትለዋን ተጫን፣ ፊደሉ ሥዕል ይሆናል፣ ማንም ጋ ቢሄድ አይለወጥም። ግን ከመቀየርህ በፊት ዋናውን ለብቻ አስቀምጥ፣ አንዴ ሥዕል ከሆነ ፊደል ማረም አትችልም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ቦታ ለመሙላት ብለህ ፊደሉን ወደ ጎን አትለጥጠው። ወደ ጎን ስትስበው ቋሚው ይወፍራል፣ አግዳሚው ባለበት ይቀራል፣ ሚዛኑ ይጠፋል። ከፈለግህ መጠኑን በሙሉ አሳድገው፣ ወይም ቦታውን ባዶ ተወው። ባዶ ቦታ ብክነት አይደለም፤ ፊደል አየር ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቼ ከ እና ክን፣ አ እና እን፣ በ እና ብን ያምታታሉ። የማባዛውን ወረቀት ስመለከት ግን እኔም አንዳንዴ አልለየውም። ለልጆች የሚሆን ፎንት አለ?

መልስ፦ መምህርት፣ መልሱን ራስዎ አግኝተውታል። እርስዎ ያልለዩትን ልጁ እንዴት ይለየዋል? ግዕዝና ሳድስ የሚለዩት ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ስብራት ወይም ጭረት ነው። ወረቀቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ኮፒ ሲደረግ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት።

በዚህ ጉዳይ ላይ በዚህ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ እኔ የማደንቀው የአሜሪካው የብሬል ተቋም በ2019 ያወጣውን አትኪንሰን ሃይፐርሌጂብል የሚባል ፎንት ነው። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ነው። አብዛኛው ፎንት ሠሪ ፊደሎቹ እንዲመሳሰሉ ይደክማል፣ ውበት የሚመጣው ከዚያ ስለሚመስለው። እነሱ ግን “የሚምታቱት የትኞቹ ናቸው?” ብለው ጀመሩ። ዜሮን ከኦ፣ አንድን ከአይ እንዲለይ ሆን ብለው ቅርጹን አራራቁት። የሚያሳዝነው ላቲን ብቻ መሆኑ ነው። ሐሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን። እርስዎ በክፍልዎ የሚምታቱትን ጥንዶች መዝግበው ቢይዙ ወደፊት ለሚሠራ የአማርኛ የልጆች ፎንት ከዚያ የተሻለ መነሻ አይገኝም። እባክዎ ይመዝግቡልኝ፣ እዚሁ አትመዋለሁ።

እስከዚያው ለሚባዛ ወረቀት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በመደበኛው ውፍረት ይጠቀሙ፤ ጭረቶቹ ወጥ ስለሆኑ ኮፒ ማሽኑን ይችሉታል። መጠኑ ከ20 አይነስ። ቦልድ አያድርጉት፤ ሲወፍር የፊደሉ ውስጥ ይደፈናል። መስመሮቹንም ራቅ ራቅ ያድርጓቸው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ገበታ ግን አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ይሻላል። እሱ የብርዕ ጠባይ አለው፣ ልጁ በእጁ ሲጽፍ የሚያገኘውን ቅርጽ ያያል። እሱም በነፃ ይገኛል።

ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤቱን ብልሃት አይርሱ። ልጁ ሀ ሁ ሂን በዜማ ሸምድዶ ሲጨርስ አ ቡ ጊ ዳ ይመጣበታል። ተራው ሲዘበራረቅ የሸመደደውና ያወቀው ይለያል። ይህ የመሪጌቶቻችን ፈጠራ ነው፣ በአንድ ገጽ አትመው ቢጠቀሙበት ከብዙ ዘመናዊ ዘዴ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እኔ የታፔላ ጸሐፊ ነኝ። አራዳ ገበያ ዙሪያ፣ ፒያሳም፣ አዘዞም ብዙ ሱቅና ቡና ቤት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በብሩሽ ነው፣ ያለ ማሽን። አሁን ሰው ሁሉ ባነር ያሳትማል። በወር አንድ ሥራ ባገኝ ነው። ልጄ “ይኼ ነገር አለቀለት” ይለኛል። እውነት አለቀለት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ መሆኑ ራሱ ይናገራል። የእርስዎ “መ” የትም ፎንት ውስጥ የለችም።

የገበያውን ነገር አልዋሽዎትም። ባነር ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ይደርሳል፣ ሱቁ ስም ቢቀይር ያወርደዋል። ያንን ሥራ በዋጋ መመለስ ይከብዳል። ግን ባነሩ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ይገረጣል፣ ጠርዙ ይቀደዳል፣ ነፋስ ያንቀጫቅጨዋል። የእርስዎ ታፔላ ዘይት ቀለም ነው፣ ስንት ክረምት አልፏል። ቀድሞውንም የሁለቱ ሥራ አንድ አይደለም።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ሕንድ አገር ዴልሂ ላይ ሃኒፍ ኩሬሺ የሚባል አርቲስት ነበር፣ በ2024 አረፈ። በልጅነቱ የመንገድ ታፔላ ጸሐፊ መሆን ይመኝ የነበረ ሰው ነው። እዚያም እንደኛው ነው የሆነው፣ ማተሚያው መጣና ብሩሾቹ ደረቁ። ኩሬሺ አዝኖ አልቀረም። ጸሐፊዎቹን እየዞረ አገኛቸው፣ ሙሉ ፊደላቸውን በእጃቸው አጻፋቸውና ወደ ፎንት ቀየረው። ፎንቱን ደግሞ በራሳቸው ስም ጠራው። አንዱ ፔይንተር ኡሜሽ ይባላል፣ አንዱ ፔይንተር ካፊል። ዛሬ የትም አገር ያለ ዲዛይነር የኡሜሽን እጅ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ይሠራበታል። በኛም አገር ለሰው እጅ እንዲህ ያለ ክብር ተሰጥቶ ያውቃል። ሰናምርምር የሚባለው ፕሮጀክት በነፃ ከለቀቃቸው ፎንቶች መካከል በፊደል አጣጣሉ በታወቀው በይገዙ ብስራት ስም የተጠሩ አሉ።

እርስዎ ጋ ያለው ዕውቀት ምን እንደሆነ ልንገርዎ፣ ምናልባት በየቀኑ ስለሚያደርጉት ዕውቀት አይመስልዎትም ይሆናል። ረጅም ስም በአጭር ቆርቆሮ ላይ ሲጽፉ ምን ያደርጋሉ? ፊደሉን አይጨፈልቁም። የለን ጎን ወደ ቀጣዩ ያስጠጋሉ፣ የቶን ቀለበት ከፍ ያደርጋሉ፣ የራን እግር ይሰበስባሉ። በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በዓይንዎ ይመዝናሉ። ፎንት ሠሪዎች ይህን ለመሥራት ወራት ይፈጅባቸዋል፣ የአማርኛ ፎንቶች በብዛት የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። ፊደሉ አንድ በአንድ ቆንጆ ሆኖ ቃል ሲሆን ግን ይበታተናል። አንዳንዱ ይጋጫል፣ አንዳንዱ ይሸሻል። ይህን የሚያርም ዓይን ማሽን ውስጥ የለም፣ እርስዎ ጋ አለ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ወፍራም ካርቶን ላይ በለመዱት ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም፣ ከሀ እስከ ፐ ሰባቱንም ቤት ይጻፉ። ጥላና ጌጥ ሳይጨምሩ አንድ ጊዜ፣ ከነጥላው ደግሞ አንድ ጊዜ። ዲቃሎቹን፣ አራት ነጥቡን፣ ቁጥሩን አይርሱ። ከዚያ እነዚያን የሚወዷቸውን የጥንት ታፔላዎች ሳይነሱ በፊት ልጅዎ በስልኩ ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ያንሳቸው። ከጎን ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር። ፎንት ልሥራልዎ የሚል ሰው ሲመጣ በቃል አይስማሙ። ስሙ በማን ይሆናል፣ ከሽያጩ ስንቱ የእርስዎ ነው የሚለውን በወረቀት ይፈራረሙ። አድራሻዎን ለዝግጅት ክፍሉ ይተዉልኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ። እኔ ራሴ ፒያሳ ላይ አንድ የጸጉር ቤት ታፔላ አለ፣ በልጅነቴ ማንበብ የተለማመድኩበት። የእርስዎ እጅ ሊሆን ይችላል ብዬ ከደብዳቤዎ ጀምሮ እያሰብኩ ነው።

ጥያቄ፦ የሰርግ ጥሪ ካርድ እያሠራሁ ነው። ስማችንን ዘመም አድርገው፣ ወርቃማ አድርገው፣ ጥላ ጨመሩበት። ያምራል ይሉኛል፣ ግን እናቴ ማንበብ አቃታት።

መልስ፦ እናትሽ ካላነበበችው ጥሪው አልደረሰም ማለት ነው። አስቀይሪው። ዘመም ያለ ፊደል የላቲኖቹ ወግ ነው፣ ከራሳቸው የእጅ ጽሕፈት የመጣ። የኛ አጻጻፍ ስሙም ቁም ጽሕፈት ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኮምፒውተሩ ሲያዘምመው ዝም ብሎ ይገፋዋል እንጂ አዲስ ቅርጽ አይሰጠውም። ስማችሁ እንዲለይ ከፈለግሽ ብራናዎቻችንን እዪ። ጸሐፊው ማክበር የፈለገውን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፣ ሌላው ጥቁር ነው። በቃ። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ሁለቱ ስሞች ብቻ በቀይ፣ ከላይ ቀጭን ሐረግ። ከወርቃማው ይረክሳል፣ ከሁሉም ካርድ ደግሞ የሚለየው የናንተ ይሆናል። መልካም ጋብቻ!

ጥያቄ፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ። የራሴን የአማርኛ ፎንት መሥራት እፈልጋለሁ። ግን ሰው “አሉ እኮ፣ ምን ያደርጋል?” ይለኛል። ከየት ልጀምር? ውድ ሶፍትዌር መግዛት አልችልም።

መልስ፦ አሉ የሚሉህን አትስማ። ላቲን በሺዎች የሚቆጠር ፎንት አለው። የኛን ግን ጋዜጣ፣ ታፔላ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ የስልክ መተግበሪያ፣ ሁሉንም በእነዚያው ጥቂት ፎንቶች ነው የምንሠራው።

ትንሽ ታሪክ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሥራህን ይለውጠዋል ብዬ አምናለሁ። ፊደላችን በማተሚያ የታየው በ1513 ሮም ላይ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ከኢትዮጵያ መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ። ስለ ስህተቱ ይቅርታ ሲጠይቁ አታሚዎቹ ማንበብ አያውቁም፣ እኛ ማተም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳዳን የሚል ቃል አስፍረዋል። ይህ ቃል ዘመኑ ርቆም ይነካኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚያው መንገድ ነው የሄድነው። ዊንዶውስ ላይ የለመድነው ኒያላ የካናዳው ጆን ሃድሰን ሥራ ነው። አፕል ላይ ያለው ከፋ የፈረንሳዊው ጄረሚ ኦርኑስ ነው። ሁለቱም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፣ እኔ አከብራቸዋለሁ፣ ብዙ አጥንተዋል። ግን በዚህ ፊደል ዳዊት የደገመ፣ ታፔላ እያነበበ ያደገ ሰው ሲሠራ ምን እንደሚመስል ገና በበቂ አላየንም። አንተ ያ ሰው ልትሆን ትችላለህ።

ዕድሜህም አያስፈራህ። ጊኒ ውስጥ ኢብራሂማና አብዱላዬ ባሪ የሚባሉ ወንድማማቾች በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ልጆች ሳሉ፣ ለፉላኒ ቋንቋ አድላም የሚባል ፊደል ፈጠሩ። በደብተር ጀመሩት፣ በእጃቸው እየገለበጡ አስተማሩበት። በ2016 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። እነሱ ፊደሉን ራሱ ፈጥረው ነው፤ አንተ የተዘጋጀ ፊደል በእጅህ አለ።

ሶፍትዌሩ አያሳስብህ። ፎንትፎርጅ ነፃ ነው፣ ለመሣል ኢንክስኬፕም ነፃ ነው፣ ያለህ ላፕቶፕ ይበቃል። አስቸጋሪው ብዛቱ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ቤት 231 ቅርጽ ይሆናል፣ ከዚያ ዲቃሎቹ፣ ነጥቦቹ፣ ከላይና ከታች መስመር ያላቸው የግዕዝ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም ከባዶ አትሣል። ካዕብን እይ፣ ቡ ሱ ሉ፣ በቀኝ በኩል አንድ ክንድ ነው። ሣልስ ከታች እግር ያወጣል። ኃምስ እዚያው ቀለበት ይይዛል። እነዚህን ቁራጮች አንዴ በደንብ ሠርተህ ትገጣጥማለህ። ሳድስ ላይ ስትደርስ ግን ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ ል፣ ብ፣ ስ፣ ር፣ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ሳብዕም እንደዚያው፣ ሎ በቀለበት፣ ቦ በረጅም እግር። ቁራጩን ስትገጥምም በጭፍን አትለጥፍ። የቡ ክንድ የጡ ላይ ሲገባ ቦታው ጠባብ ነው፣ ማሳጠር አለብህ። በኮድ ብቻ ልጨርሰው ብለህ እንዳታስብ፣ እንደ ተማርከው ትምህርት ያ ሊያጓጓህ ይችላል።

ከኮምፒውተሩ በፊት ግን ብርዕ ያዝ። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርህ። በጎንደር ዘመን የተጻፉት ብራናዎች ፊደላቸው ትልልቅ፣ ሰፋፊ፣ ረጋ ያለ ነው፤ ይህን አጻጻፍ ጉልሕ ይሉታል። ከሩቅ ይነበባል፣ በሻማ ብርሃን ይነበባል። ስሙም ከዚያ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ካስቀመጧቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ በ1868 ተዘርፈው ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነገር ግን አጻጻፉ አብሮ አልሄደም፣ በከተማችንና በዙሪያዋ ብራና የሚፍቁ፣ ቁም ጽሕፈት የሚያስተምሩ አባቶች አሁንም አሉ። በትሕትና ሂድ፣ ቁጭ ብለህ እጃቸውን እይ። ብራናው ላይ መጀመሪያ በወስፌ መስመር ያሠምራሉ፤ ቀለም የለውም፣ ጭረት ብቻ ነው፣ ፊደሉ እሱን ይዞ ይሄዳል። ብርዑ የት ላይ እንደሚነሳ፣ የት ላይ እንደሚጫን ስታይ ቋሚው ለምን እንደሚወፍር ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል። ጉልሕን መሠረት ያደረገ፣ ለስልክ ስክሪን የሚሆን ፎንት ብትሠራ፣ ሰፊነቱና ግልጽነቱ ለትንሽ ስክሪን የተፈጠረ ይመስላል።

ስትጨርስ በምን ፈቃድ እንደምትለቀው አስብ። ኦፕን ፎንት ላይሰንስ የሚባል አለ፣ ሰው ሁሉ በነፃ ይጠቀምበታል፣ ያሻሽለዋል፣ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን አይችልም። መጀመሪያ ሥራህ በዚህ ቢወጣ ስምህ ቶሎ ይታወቃል።

አሁን ለሚመጣው አንድ ወር የምትሠራውን ልስጥህ። በ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ አ፣ ተ፣ ነ፣ ከሰባት ቤታቸው ጋር። 49 ቅርጽ ብቻ። በመቃ ብርዕ፣ በወረቀት ላይ። ከዚያ “ሰላም”፣ “እናት”፣ “ተመለስ”፣ “አንበሳ” ብለህ ጻፍባቸውና ግድግዳ ላይ ለጥፈህ ከአምስት እርምጃ እያቸው፤ የሚጋጨውንና የሚሸሸውን በቀይ ክበብ። ከላይ የጻፉልኝ ታፔላ ጸሐፊ ጋሼ ፈቃዳቸው ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ አብረኸኝ ና፣ ወረቀቱንም ይዘህ።